ምሳው የተበላበት ዳር፦ ከኮምቦልቻ በላይ ፏፏቴ ሥር የዋለ አንድ ቡድን

ጉዳዩ ሲጠቃለል ይህ ነው። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ 22 የሥራ ባልደረቦች ከደሴ ተነስተው ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ተራራ የሚወርድ ጅረት እየተከተሉ ወጡ። ፏፏቴ ሥር ዋኙ፣ ምሳ በሉ፣ ቡና አፈሉ። ሊመለሱ ሲሉ ውሃው ሞላና 13ቱ ወዲህ፣ 9ኙ ወዲያ ቀሩ። የሞተ የለም። የአንዷ ቁርጭምጭሚት ወለም አለ፣ የአንዱ ውስጥ እግር በጠርሙስ ስባሪ ተቆረጠ፣ ሁሉም በጨለማ ወረዱ። የሰዎቹን፣ የመሥሪያ ቤቱንና የጅረቱን ስም ትተናል። ሰዓቱ በሙሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዝናብ ያዛቸው» ብሎ ያልፈዋል። ዝናቡማ በመስከረም ይጠበቃል። ቡድኑን ያስቸገረው ሌላ ነው፤ ምሳውን ከመጨረሻው መሻገሪያ ወዲያ ማዶ መብላቱ።

ቦታው

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም አየሩ ሌላ ነው፤ ከደሴ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዘዋል። የጎፍ ደን ያለበት ተራራ ከተማዋን ከላይ ያያታል። የሐበሻ ጥድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ዳር ዳሩን ክትክታና አጋም፣ ዝቅ ሲል ባሕር ዛፍ። ከዚህ ወገን የሚወርደው ውሃ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ አዋሽን ይቀላቀላል።

ፎቶ አይቶ የሚመጣ ሰው «ጫካ ውስጥ ያለ ፏፏቴ» ሲባል እንደ ካፋና ሸካ ያለ ጥቅጥቅ የዝናብ ደን ይታየዋል። ወሎ ያለው ግን ደረቅ የደጋ ደን ነው፤ እሱም ከእርሻና ከተራቆተ ገደል መሐል ተቆርጦ የቀረ። ለተጓዥ ይህ የዕውቀት ጨዋታ አይደለም። ጥቅጥቅ ባለ ደን የወረደው ዝናብ በቅጠሉና በብስባሹ ተይዞ ቀስ እያለ ይለቀቃል። እዚህ ግን ከላይ ያለው ማሳና ጭንጫ ውሃውን ሳያሳድር ወደ ጅረቱ ይልከዋል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ከፏፏቴው በላይ ወደ ጅረቱ የሚያፈሰው መሬት በካርታ ሲለካ 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፤ ለአንድ የከሰዓት ዶፍ ብዙ የሚባል አይደለም። 120,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። ሲሶው ብቻ እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጅረቱ ውስጥ ቢገባ በየሰከንዱ 11 ሜትር ኩብ ያህል ያልፋል። ጠዋት የተሻገሩት ውሃ ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ አፈር ደግሞ ተጨማሪ አይጠጣም። ስለዚህ የመስከረም ዝናብ ከሰኔው ይልቅ ቶሎ ጎርፍ ይሆናል። እንቁጣጣሽ አልፏል፣ አደይ አበባ ፈክቷል፣ ሰማዩ ጠዋት ላይ ጥርት ያለ ነው፤ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው።

ሰዓቱ የት ገባ

መነሻው 12:30 ነበር የተባለው። ከደሴ የወጡት 1:25 ላይ ነው። ኮምቦልቻ ዳቦና ሙዝ ሲገዛ፣ ሚኒባሱ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሁለት ሰው ሲጠበቅ የእግሩ መንገድ የሚጀመርበት ቦታ የደረሱት 3:05 ነው። እግር የተነሳው 3:20።

መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ የ350 ሜትር ዳገት አለው። አስተባባሪው ቀድሞ ሄዶ አይቶት ነበር፤ «አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው» ያለውም እውነቱን ነው። ለአንድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ በየ100 ሜትሩ ዳገት 10 ደቂቃ ጨምሮ ሲሰላ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይመጣል። ቡድን ግን በዚህ ሒሳብ አይሄድም። ጅረቱ ሦስት ጊዜ ይሻገሩታል። እያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ሰው ጫማ አውልቆ፣ ሱሪ ሰብስቦ፣ እጅ ተሰጥቶት እስኪያልፍ በአማካይ 40 ሰከንድ ቢወስድ ለ22 ሰው 15 ደቂቃ ነው፤ በሦስት ሲባዛ 45። አንድ ላይ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ። በእርግጥም ፏፏቴው ዘንድ የደረሱት 5:30 ላይ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር የሚጨምረው የእግር መንገዱ ሳይሆን መሻገሪያው ላይ የሚቆመው ሰልፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የጫማ ነገር። ከሁሉም ቀላል የተሻገሩት ኮንጎ ጫማ ያደረጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ውሃው ይገባል፣ በቀዳዳው ይወጣል፣ አይወልቅም። ስኒከር ያደረጉት አንዳንዶቹ አወለቁ፣ አንዳንዶቹ እንዳደረጉት ገቡና ቀኑን ሙሉ በረጠበ ካልሲ ዋሉ። ነጠላ ጫማ ግን አይሆንም። ወለም ያላት ሴት ነጠላ ጫማዋ ተንሸራቶ ከእግሯ ሲወጣ እሱን ለመያዝ ስትል ነው ሚዛኗን የሳተችው። አልጌ የያዘ ድንጋይ ላይ ሲረገጥ ደረቅ የሚመስለው ጥቁሩ ክፍል ከረጠበው ግራጫ የባሰ ያሙለጨልጫል። በመሐል ባለው አሸዋና ጠጠር ላይ መርገጥ፣ ከድንጋይ ድንጋይ አለመዝለል ነው።

ኩሬው

ፏፏቴው ሥር ያለው ኩሬ 12 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከጎኑ 4 ሜትር የምትሆን ድንጋይ አለች፤ እረኞች ከእሷ ላይ ይዘላሉ። እንግዳው እነሱን አይቶ ይዘላል። እረኞቹ ግን የት እንደሚያርፉ ያውቃሉ፤ ክረምት በወጣ ቁጥርም መጀመሪያ ወርደው በእግራቸው ይፈትሹታል፤ ጎርፍ በየዓመቱ ድንጋይ ያመጣል፣ አሸዋም ያነሳል። ቡድኑ እዚህ ላይ የሚመሰገን ነገር ሠርቷል። በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ 5 ሜትር ሲባጎ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበት አምስት ቦታ ላይ ተጣለ። መሐሉ 3 ሜትር ተኩል ወጣ። ከመዝለያዋ ድንጋይ ሥር በስተግራ ግን 1 ሜትር ከ20 ብቻ ነበር፤ ከውሃው በታች ቋጥኝ አለ። ከውጭ ሲታይ የውሃው ቀለም አንድ ነው። መዝለል ተከለከለ፤ ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ ጉዳዩ በዚያው አለቀ። በጭንቅላት መግባትማ ጥልቀቱ ቢታወቅም አይፈቀድም።

የተሳሳተው ሌላው ነው። አንድ ወጣት ዳገቱን ወጥቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ሮጦ ገባ። ከተራራ የሚወርድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት ሲነካ ሰውነት ሳይታዘዝ ትንፋሽ ይስባል፤ በዚያች ሰከንድ አፍ ከውሃ በታች ከሆነ የሚሳበው ውሃ ነው። መጀመሪያ ፊትና ክንድ ታጥቦ፣ እስከ ወገብ ገብቶ፣ ትንፋሽ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆም ይበቃ ነበር። ልጁ ውሃ ዋጠ፣ ደነገጠ፣ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን አንገቱን ያዘው። ሁለቱም መስመጥ ጀመሩ።

ያዳናቸው ቢጫ ጀሪካን ነው። የመጠጥ ውሃ የመጣበት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ባዶ ሆኖ ዳር ተቀምጦ ነበር፤ አንዷ ወረወረችላቸው። በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን 18 ወይም 19 ኪሎ ተሸክሞ ይንሳፈፋል። ሰው ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ሁለት ሰው ይዞ ይቆያል። የብዙዎቹ ጀሪካኖች ክዳን ጎማው የወለቀ ነው፤ ክዳኑ ሥር ፌስታል አጥፎ ማጥበቅ ሁሉም ቤት የሚያውቀው ዘዴ ነው፣ እዚህም ይሠራል። እጀታው ላይ 10 ሜትር ገመድ ቢታሰርበት ደግሞ ወርውሮ መጎተት ይቻላል። ከ22ቱ መዋኘት የሚችሉት 6 ነበሩ። እንዲህ ላለ ቡድን ሁለት ባዶ ጀሪካን ከምግቡ ቀጥሎ የሚጫን ዕቃ መሆን አለበት።

ፏፏቴው የሚወድቅበት ነጭ አረፋ ውስጥ የዋና ችሎታም አይረዳም። አረፋው አየር የተቀላቀለበት ውሃ ስለሆነ ሰውን እንደ ንጹሕ ውሃ አያንሳፍፍም፤ ከሥር ያለው ሽክርክሪትም ወደ ገደሉ መልሶ ይስባል። ድንበሩ አረፋው የሚያልቅበት ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አይባልም፤ ጂንስ ሱሪና ነጠላ ውሃ ሲጠጡ ይከብዳሉ፣ ቁምጣና ቲሸርት ይበቃል። ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹ ገቡ፣ ወንዶቹም ዞር አሉላቸው፤ ይህ አስቀድሞ ስለተነገረ ማንም አልተቸገረም። ምግቡም እንደዚያው፤ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ላይ ሲወጣ ሥጋው ሁለት ዓይነት ከሚሆን ሽሮና ድንች ወጥ ይሻላል፣ ያመጡትም ያንን ነው። ቅዳሜ የተመረጠውም ዓርብ ለጁምዓ፣ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ስለሚፈለግ ነው። ፏፏቴው ጠበል መሆን አለመሆኑንም ቀድመው ጠይቀዋል። ጠበል ከሆነ ዋና የለም፣ ክርክርም የለም።

ቶናዋ

መጨረሻው መሻገሪያ ከፏፏቴው 150 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ከመሻገሪያው ወዲህ፣ ማለትም በመመለሻው በኩል፣ ትልቅ ሾላ ያለበት ሜዳ አለ። ወዲያ፣ ፏፏቴው ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ምሳው የተዘረጋው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ፎቶው ያምራል የሚል ነው። ከ7:00 ጀምሮ ተበላ፣ ከዚያ ከሰል ተያያዘ።

8:10 ላይ ከላይ ነጎደ። ፏፏቴው ያለበት ቦታ ፀሐይ ነበር። መብረቁ ከታየ እስከ ድምፁ 24 ሰከንድ ተቆጠረ፤ በሦስት ሲካፈል 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሩቅ ነው ተባለ። ቆጠራው ትክክል ነው፤ የሚለካው ግን የመብረቁን ርቀት ነው። ውሃው በዚያ ቁጥር አይታወቅም፤ ዝናቡ እዚያው 8 ኪሎ ሜትር ላይ ሳለም ጅረቱን ሊሞላው ይችላል። አንድ አዛውንት ገበሬ ከማዶ ሆነው «ልጆቼ፣ ላይ ጠቁሯል፤ ውሃ ሳይመጣባችሁ ተሻገሩ» ብለው ተጣሩ። «እሺ አባባ፣ ቶናዋን ጠጥተን እንነሳለን» ተባሉ። ቶናዋ 25 ደቂቃ ፈጀች። ዕቃ መሰብሰብ የተጀመረው 8:35 ላይ ነው።

ውሃው ግን ምልክቱን ሰጥቶ ነበር። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠልና ጭራሮ ተንሳፍፎ መጣ፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ የሻይ ቀለም ያዘ፤ ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ዕቃ ትቶ መሻገር ነው። 13 ሰዎች ካለፉ በኋላ፣ 8:58 ላይ፣ ጉልበት የነበረው ውሃ ጭን ደረሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነው፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ያለፈና አስራ አንደኛው ላይ ያለ ሰው የሚያዩት ውሃ አንድ አይደለም። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እግር ላይ ያለው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

ወዲያ የቀሩት 9

ከወዲህ ያለው አንድ ጎበዝ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሊሻገርላቸው ተነሳ። አዛውንቱ ደርሰው ክንዱን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ ፍታው! የታሰረን ውሃ አይለቅም።» ልክ ናቸው። ከዳር በገመድ የተያዘ ሰው ቢወድቅ ገመዱ አንድ ቦታ ያቆመዋል፣ ውሃው ደግሞ ከላዩ ያልፋል፤ ባይታሰር ተንሳፍፎ ታች ዳር ሊወጣ ይችል የነበረው ሰው እዚያው ይሰምጣል። ገመድ በእጅ ይያዛል፣ ሰውነት ላይ አይታሰርም። ከዳር ዳር ሲወጠርም ጅረቱን ቀጥ ብሎ እንዲቆርጥ አይደረግም፤ ሰው ሲይዘው መሐሉ ወደ ታች ይጎብጥና ሰውየው እዚያው መሐል ይያዛል። ከመነሻው ዳር ይልቅ መድረሻው ዳር ዝቅ ብሎ በሰያፍ ይወጠራል፤ የተያዘውን ሰው ውሃው ራሱ ወደ ዳር ይገፋዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ ከወዲያ ዳር ባለው ቁልቁለት ዞሮ መውረድ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም፤ አፈሩ ረጥቧል፣ ሳማ የሞላበት ገደል ነው፣ ጨለማም ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው የቀረው። መጠበቅ ተመረጠ፤ የቀኑ ምርጥ ውሳኔ ይህ ይመስለናል። ትንሽ ተፋሰስ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ዘጠኙ ከውሃው 3 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተቀመጡ። ከዛፍ ሥር ሳይሆን ገላጣ ቦታ ሆኑ፤ ከቦርሳ የወጣ ደረቅ ልብስ ደረቡ። በውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተተክሎ በየ10 ደቂቃው ታየ። 9:50 ላይ መውጣቱን አቆመ። 10:30 ላይ ከእንጨቱ አንድ ስንዝር ወረደ፤ 11:10 ላይ ጉልበት ደረሰ።

የተሻገሩት ግን በጠዋቱ ቦታ አይደለም። ጠዋት ጠባቡ ተመርጦ ነበር፤ ጠባብ ማለት ጥልቅና ፈጣን ማለት ነው። አዛውንቱ 60 ሜትር ዝቅ አድርገው፣ ጅረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በጠጠር ላይ በሚሰፋበት አሳለፏቸው። ሦስት ሦስት ሆኑ፤ ከባዱ ሰው ከላይ፣ በእጁ ከትከሻው የማያንስ ዱላ፣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ፤ ሁለቱ ከኋላው ወገቡን ይዘው። እግር ሳይነሳ እየተጎተተ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። የቦርሳ ማሰሪያ ተፈትቶ በአንድ ትከሻ ብቻ ይንጠለጠላል፤ ቢወድቁ ቦርሳው ይሂድ። ገመዱ በሰያፍ ተወጥሮ ነበር፣ የያዘው ግን ማንም አልነበረም። 11:20 ላይ ሁሉም ወዲህ ነበሩ።

በመስከረም ፀሐይ 12:10 አካባቢ ትጠልቃለች፤ 12:40 ጫካ ውስጥ ጨለማ ነው። 22 ስልክ ነበር፤ ባትሪ የነበራቸው ግን 8 ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀረጽ ውሏል። አንድ የእጅ ባትሪም ነበር፤ እሱም ሚኒባሱ ጋ ቀርቷል። ሚኒባሱ ዘንድ የደረሱት ማታ 1:15 ላይ ነው። ሹፌሩ የቀይ መስቀልን 907 ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ነበር።

ኅዳር ላይ ያው ቡድን ተመለሰ። መነሻው 12:00፣ ዳቦው ከዋዜማው ተገዝቶ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ በ30 ደቂቃ ልዩነት ወጣ፣ መሻገሪያው ላይ ሰልፍ እንዳይኖር። ከፏፏቴው የሚነሱበት ሰዓት 7:00 ተብሎ ተቆረጠ፤ ዝናብ ባይኖርም። ምሳው ሾላው ሥር፣ በመመለሻው ዳር። ቡናው በፔርሙዝ። ቅሬታ የቀረበው በቡናው ብቻ ነው።

በበሽታ በኩል

የተቆረጠው እግር በጠጅ ጠርሙስ ስባሪ ነው የተቆረጠው፤ ውሃ ውስጥ ቁስሉ ስለማይሰማ ደሙ ሲታይ ነው ያወቀው። በንጹሕ የመጠጥ ውሃ በደንብ ታጥቦ፣ ተጭኖ ታሰረ፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወሰደ። ከምንጭና ከጅረት በአፍ ተደፍቶ መጠጣትም አይገባም። ትንሽዋ አልቅት ሳትታይ በአፍንጫና በጉሮሮ ትጣበቃለች፤ ምልክቷ ከቀናት በኋላ ያለ ምክንያት የሚመጣ የአፍንጫ ደም ነው።

ከሁሉም የሚረሳው ቢልሃርዝያ ነው። በቦርከና ዙሪያም በሐይቅ አካባቢም ያለ በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዝግ ባለና ሞቅ ባለ ውሃ ይኖራል። ፏፏቴው ሥር ያለው ፈጣንና ቀዝቃዛ ውሃ አደጋው አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሲመለሱ ብዙዎቹ ጭቃቸውን የታጠቡት ታች፣ መንገዱ አጠገብ ባለው የመስኖ ቦይ ነው፤ ሣር የበቀለበት፣ ውሃው የቆመ የሚመስል። መታጠብ የነበረባቸው ላይ ነበር። በፎጣ መድረቅ ዋስትና አይሆንም። ተሕዋሱ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል።

በማግስቱ ሮጦ መመርመር ጥቅም የለውም፤ የትሉ እንቁላል በሰገራ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም ያላደጉትን ትሎች በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተዋጠ ክኒን ያታልላል። በዚህ መሐል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሮ፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሰውነት ማሳከክ ከመጣ ኮምቦልቻ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቢልሃርዝያ ሳይሆን ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የት ውሃ ውስጥ እንደገባና መቼ እንደገባ ሳይጠየቅ መናገር አለበት።